ጎህ ሲቀድ የተንኳኳ በር

ሰው ከሰው ቤት በእግሩ መጠያየቅ በተወበት ዘመን፣ በአንድ ረጅም ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፤ ስመኝ የወንድሟን የይትባረክን መርዶ ይዛ ከተዘጋ በር ውጭ ቆማለች፣ እናቷ ወይዘሮ አስካለ ከበሩ ውስጥ ናቸው።

አስካለ፦ አልከፍትም አልኩ አልከፍትም! ደግሞ በቡጢ ነው እንዴ በር የሚመታው?

ስመኝ፦ ደወሉን ብነካው በሩ ‹‹ቀጠሮ የለሽም›› እያለ መለሰኝ። ታዲያ በምን ልምታው?

አስካለ፦ እኮ ቀጠሮ የለሽም። በሩ እውነቱን ነው።

ስመኝ፦ እማዬ፣ ስመኝ ነኝ እኮ! ልጅሽ ነኝ!

አስካለ፦ ልጄ ስመኝ ማታ ደውላልኛለች። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳትቸኩል፣ ረጋ ብላ አጫውታኝ ነው የተኛሁት። ያንቺ ድምፅ የተጎተተ በርሜል ነው የሚመስለው።

ስመኝ፦ ድምፄ ተዘግቶ ነው።

አስካለ፦ በአንድ ሌሊት?

ስመኝ፦ የማታዋ እኔ አይደለሁማ! ጠያቂው ነው። ማሽኑ ነው እማዬ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የሰው ድምፅ ይቀዳለታል፣ ከዚያ በሰውየው ምትክ እየደወለ እናት ይጠይቃል፣ አባት ይጠይቃል፣ የታመመ ይጠይቃል።

አስካለ፦ ማሽን ከሆነች ጎሽ፣ የተባረከች ማሽን ናት። ስለ ጉልበቴ ሳትጠይቀኝ አድራ አታውቅም። አንቺ ግን ይኸው ደጄ ከቆምሽ ጀምሮ ጉልበቴ ይኑር ይቆረጥ ግድም አልሰጠሽ።

ስመኝ፦ ጉልበትሽ እንዴት ነው?

አስካለ፦ አሁንማ ነገርኩሽ።

ስመኝ፦ በማርያም እማዬ፣ ቀልዱን ተይው።

አስካለ፦ ማን ቀለደ? አንዲት ሴትዮ ገና ጎህ ሲቀድ ደጄ ቆማ ‹‹ልጅሽ ነኝ›› ስላለችኝ ብድግ ብዬ ልክፈት? ዘመኑ የድምፅ ሌባ የሞላበት ነው። ጎረቤቴን በእህቷ ድምፅ ደውለው ስንት ነገር አስደረጓት መሰለሽ።

ስመኝ፦ ድምፄን ካላመንሽ በበሩ ቀዳዳ ፊቴን እይው።

አስካለ፦ አየሁት። ያበጠ ፊት ነው። የልጄ ፊት አላበጠም።

ስመኝ፦ ፊቴን ካየሽው ስንት ጊዜሽ ነው?

አስካለ፦ እሱን አንቺ ንገሪኝ እንጂ። ልጅሽ ነኝ ያልሽው አንቺ።

ስመኝ፦ ያለፈው ፋሲካ ነው።

አስካለ፦ ያለፈው ፋሲካ የመጣው አበባ ነው። ሰው አልመጣም።

ስመኝ፦ የዚያን በፊቱ እንግዲያው።

አስካለ፦ የዚያን በፊቱም አበባ ነው። ቢጫ አበባ፣ ከነውሃው። በሩ ተቀብሎ አስቀመጠልኝ።

ስመኝ፦ እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልግባና እግርሽ ላይ ልውደቅ። አሁን ግን ክፈቺልኝ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መግባት አለብኝ።

አስካለ፦ አንድ ሰዓት ላይ ምን አለ?

ስመኝ፦ ምንም የለም።

አስካለ፦ አንድ ሰዓት ላይማ ይትባረክ ይደውልልኛል። ጠዋት የሱ ነው፣ ማታ የስመኝ ነው። ከሱ ጋር እያወራሁ ቁርሴን እበላለሁ። አንቺ ከምሳ በኋላ ነይ።

ስመኝ፦ ከምሳ በኋላ አይሆንም።

አስካለ፦ አስር ሰዓት ላይ ነይ እንግዲያው። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ድሮ ሰው ሰውን በሚጠይቅበት ሰዓት። ያኔ ልጄም ሁኚ ሌላም ሁኚ እከፍትልሻለሁ። ሻይ አፈላልሻለሁ።

ስመኝ፦ አስር ሰዓት የሚከፈት በር አሁን ለምን አይከፈትም?

አስካለ፦ አሁን ማለዳ ነው።

ስመኝ፦ ማለዳ ቢሆንስ?

አስካለ፦ የሌሊት ልብስ ነው የለበስኩት።

ስመኝ፦ እማዬ! በሌሊት ልብስሽ ጎረቤት ስትቆጪ ያደግኩ ልጅ ነኝ እኮ!

አስካለ፦ በዚያ ላይ በሩ ራሱ እምቢ ብሏል። ቀጠሮ የላትም አለ። እኔ ምን ላድርግ?

ስመኝ፦ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። በእጅሽ ማንሳት ነው።

አስካለ፦ መቀርቀሪያ እንዳለው በምን አወቅሽ?

ስመኝ፦ እኔ ነኝ ያስገጠምኩልሽ! ይህን ቤት ስንይዝልሽ አናጢ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ‹‹ማሽን ብቻ አይታመንም፣ በእጅ የሚከፈት ነገር ይኑረው›› ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

አስካለ፦ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሰው መገመት ይችላል።

ስመኝ፦ ጠይቂኝ በቃ! የፈለግሽውን ጠይቂኝና ልጅሽ መሆኔን ላስረዳሽ።

አስካለ፦ እሺ። ባለፈው እሑድ ምን ነገርኩሽ?

ስመኝ፦ ባለፈው እሑድ?

አስካለ፦ አዎ። ረጅም ጨዋታ ነው የተጫወትነው። ስቀሻል፣ ኋላ ላይ ደግሞ አዝነሽልኛል።

ስመኝ፦ እኔ አይደለሁም የሳቅኩት። የልጅነቴን ጠይቂኝ። የከተማ አውቶቡስ ስትነጂ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኋላሽ ባለው ወንበር አስቀምጠሽን ስንዞር እንውል ነበር። ይትባረክ የየፌርማታውን ስም ካንቺ ቀድሞ እየጮኸ ይጠራል። ተሳፋሪው ይስቃል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደሞዙን ከማን ነው የሚቀበለው ብለው ጠየቁሽ።

አስካለ፦ የማታዋም ታውቀዋለች፣ ነግሬያታለሁ። እንዲያውም ካንቺ የተሻለ ታስታውሰዋለች። ወንበሩ ቀይ እንደነበረ ሳይቀር።

ስመኝ፦ ሰማያዊ ነበር።

አስካለ፦ ቀይ ነበር።

ስመኝ፦ ሰማያዊ ነበር እማዬ! ጠርዙ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቶ፣ እኔ እየነጨሁ መሬት ስጥለው በመስታወት አይተሽ፣ ፌርማታ ላይ አቁመሽ፣ ተሳፋሪ ፊት ቆነጠጥሽኝ።

አስካለ፦ አሃ።

ስመኝ፦ አስታወስሽው?

አስካለ፦ ያቺ ግን ቀይ ነው ስላት ቀይ ነው አለችኝ።

ስመኝ፦ ያልሻትን ሁሉ ነዋ የምትልሽ! አረንጓዴ ብትያትም አረንጓዴ ነው ትልሻለች።

አስካለ፦ ታዲያ ምን አለበት? በዚህ ዕድሜዬ የሚሟገተኝ ሰው ምን ያደርግልኛል? ዕድሜ ልኬን ከተሳፋሪ ስሟገት ኖሬ የለም እንዴ።

ስመኝ፦ የኮሪደሩ መብራት ቢጫ ሆነ። ቀይ ሲሆን ጥበቃው መጥቶ ያወርደኛል፣ ያለ ቀጠሮ ሰው ደጅ መቆም ክልክል ነው። እየለመንኩሽ ነው እማዬ።

አስካለ፦ ያውርድሽ። ከሰዓት ትመለሻለሽ። ቆይ፣ ከቦርሳሽ ብቅ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ስመኝ፦ ምኑ?

አስካለ፦ ጉልበቴ ነው የደከመ፣ ዓይኔ አልደከመም። ጥቁር ነገር አያለሁ።

ስመኝ፦ ሹራብ ነው። ማለዳው ይበርዳል ብዬ።

አስካለ፦ የበረደው ሰው ሹራቡን ይለብሰዋል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አያጭቀውም።

ስመኝ፦ አሁን እለብሰዋለሁ።

አስካለ፦ አይ! አትልበሺው። ወደ ውስጥ ክተቺው። ዚፑን ዝጊው። አልወደድኩትም።

ስመኝ፦ ዘጋሁት። እይው፣ ተዘግቷል።

አስካለ፦ ጎሽ። ልጄ ነኝ ካልሽ አንድ ነገር መልሺልኝ። ለምንድን ነው ማሽን የምትልኪብኝ?

ስመኝ፦ በር ተዘግቶብኝ ነው የምነግርሽ?

አስካለ፦ በር ተዘግቶ ይሻላል። ፊትሽን ካላየሁት አፍረሽ አትዋሺኝም።

ስመኝ፦ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ሥራ ጠልፎኝ፣ ማታ ቤቴ ስገባ አፌ እስኪተሳሰር ደክሞኝ። ይህ ሳምንት ይለፍና ራሴ እደውላለሁ አልኩ። ሳምንቱ አለፈ። ልደውል ስል ምን ብዬ ልጀምር? ማሽኑ ምን እንዳለሽ አላውቅ፣ አንቺ ምን እንደነገርሽው አላውቅ። ‹‹ያ የነገርኩሽ ነገር እንዴት ሆነ?›› ብትዪኝ ምን እመልስልሻለሁ? አፈርኩ። በቆየ ቁጥር ደግሞ እፍረቱ ባሰ። ከገዛ እናቴ ጋር ማውራት ሰው የጀመረው ወሬ መሃል ገብቶ እንደመቀመጥ ሆነብኝ። ማታ ማታ ‹‹እናትዎ ደህና ናቸው›› የሚል መልእክት ይመጣልኛል። እሱን አንብቤ እተኛለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። እወድሻለሁ፣ እማዬ፣ በጣም ነው የምወድሽ። ግን የምልሽ ጠፋኝ።

አስካለ፦ ‹‹ጉልበትሽ እንዴት ነው›› ማለት አቅቶሽ?

ስመኝ፦ እሱንም እኮ ቀድሞ ብሎታል!

አስካለ፦ እኔም ሞኝ አይደለሁም። ጉንፋን የማይዛት፣ የማትቆጣ፣ ‹‹አሁን ቸኩያለሁ፣ ቆይቼ ልደውል›› የማትል ልጅ የት አለች? አንዳንድ ማታ ሆን ብዬ እሰድባታለሁ። ‹‹አንቺ እኮ ድሮም ሰነፍ ነሽ፣ እንጀራሽን ሰው ካልጋገረልሽ አትበይም›› እላታለሁ። ‹‹ልክ ነሽ እማዬ፣ አሻሽላለሁ›› ትለኛለች። የኔ ልጅ ብትሆን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ነበር የምትዘጋው።

ስመኝ፦ እዘጋብሽ ነበር።

አስካለ፦ ትዘጊብኝ ነበር! ከዚያ ሳይመሽ መልሰሽ ትደውይና ሌላ ወሬ ትጀምሪያለሽ።

ስመኝ፦ አወቅሽኝ ማለት ነው።

አስካለ፦ አላወቅኩሽም። ስለ ልጄ ነው የማወራው።

ስመኝ፦ እማዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

አስካለ፦ ይሂድ። ለማንኛውም ያንቺን ድሮም ጠርጥሬዋለሁ። የይትባረክ ግን ሌላ ነው። የሚደውለው እሱ ራሱ ነው።

ስመኝ፦ እንዴት አወቅሽ?

አስካለ፦ በአሳሳቁ። ሲስቅ መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ስመኝ፦ ይትባረክም ጠያቂ አለው እማዬ።

አስካለ፦ ቢኖረውም አንዳንዴ ራሱ ይሆናል። እለየዋለሁ።

ስመኝ፦ እኔም የምለየው መስሎኝ ነበር።

አስካለ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ስመኝ፦ የቤቴ ቧንቧ ፈነዳ። ማዕድ ቤቱ ኩሬ ሆነ። ለይትባረክ ደወልኩና ‹‹ና አብጅልኝ›› አልኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ላይ ጨዋታ ነው። ‹‹እመጣለሁ የኔ እህት›› አለኝ። ቀረ። መልሼ ደወልኩ። ‹‹እንዴት እቀራለሁ፣ እመጣለሁ›› አለኝ። አሁንም ቀረ። እኔ የወለሉን ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ አድራለሁ፣ እሱ በየቀኑ እመጣለሁ ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ‹‹አይመቸኝም›› ብሎ አልተነጫነጨም። ደሜ ፈላ። ትናንት ልጣላው ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

አስካለ፦ በእግርሽ?

ስመኝ፦ በእግሬ።

አስካለ፦ ለጠብ ሲሆን እግር አለሽ ማለት ነው።

ስመኝ፦ አዎ። ባልናደድ ኖሮ እስከ ዛሬም አልሄድም ነበር።

አስካለ፦ ተጣላችሁ ታዲያ?

ስመኝ፦ አልተጣላንም።

አስካለ፦ ምን አለሽ?

ስመኝ፦ በሩን አልከፈተልኝም።

አስካለ፦ ቤት አልነበረማ። ወጣ ብሎ ይሆናል።

ስመኝ፦ ደጁ ላይ ቆሜ ደወልኩለት። አነሳው። ‹‹የት ነህ?›› ስለው ‹‹ቤቴ ነኝ›› አለኝ። ‹‹እኔ እኮ ደጅህ ነኝ፣ ክፈትልኝ›› አልኩት። ‹‹ደስ ይላል፣ በቅርቡ እንገናኛለን›› አለኝ። እየሳቀ። ልክ እንዳልሽው፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ። ያኔ ነው የጠረጠርኩት፣ እማዬ። ሰው ጠርቼ በሩን...

አስካለ፦ በቃ!

ስመኝ፦ እማዬ፣ ስሚኝ...

አስካለ፦ በቃ አልኩሽ! ቁርሴን ልሥራበት። ሥራ ይዞት ነው። ሁልጊዜ ሥራ ይዞት ነው። አንቺ ከሰዓት ነይ።

ስመኝ፦ ከሰዓት ከሰዓት አትበይኝ! ስለሱ ሲነገርሽ ሁልጊዜ ጆሮሽን ትደፍኛለሽ። እኔ ሳጠፋ ቁንጥጫ፣ እሱ ሲያጠፋ ‹‹ሥራ ይዞት ነው››። ድሮም እሱን ነው የምትወጂው!

አስካለ፦ ወይ ጉድ! የማታዋ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ስመኝ፦ አትልሽማ! እሷ ምኗ ይነካል? እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ አላደረችም። የዚህን ፎቅ በር አንድ በአንድ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ከጎንሽ ያሉትን ሽማግሌ አብረውኝ ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው። በሩን ሳይከፍቱ ‹‹ጠያቂዬን እልክላቸዋለሁ›› አሉኝ። ከላይሽ ያሉት ሴትዮ ‹‹እኔ የሰው ፊት ካየሁ ቆይቻለሁ፣ እፈራለሁ›› አሉኝ። የእድሩን ዳኛ ቀሰቀስኩት። ‹‹በመልእክት ይደርሳቸዋል፣ ከነማጽናኛው›› አለኝ። ካንቺ ጎን የሚቀመጥ፣ እጅሽን የሚይዝ አንድ የሰው ልጅ አጣሁ በዚህ ከተማ! ብቻዬን የመጣሁት ወድጄ መሰለሽ?

አስካለ፦ ጎረቤት ለምን ፈለግሽ?

ስመኝ፦ እ?

አስካለ፦ እናቷን ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ጎረቤት ምን ያደርግላታል? የእድር ዳኛ ምን ያደርግላታል፣ ስመኝ?

ስመኝ፦ ስሜን ጠራሽ።

አስካለ፦ ጠራሁ።

ስመኝ፦ ታውቂኛለሽ።

አስካለ፦ ገና ስታንኳኪ ነው ያወቅኩሽ። የልጄ እጅ እንጨት ላይ ሲያርፍ አላውቀውም? እዚህ ሕንፃ ከገባሁ ይህን በር በእጁ የመታው ሰው የለም። ስሰማው ከአልጋዬ ተነሳሁ፣ በቀዳዳው አየሁሽ። እኔ ያደግኩት ማለዳ በር ሲመታ እናቴ ወገቧን ይዛ ‹‹ማንን ነው?›› በምትልበት ቤት ነው። መርዶ በማለዳ ነው የሚመጣው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። አንቺም እሱን አውቀሽ ነው በዚህ ሰዓት የመጣሽው። እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። ስለዚህ አላውቃትም አልኩ። የማላውቃት ሴትዮ ከሆነች በር ተሳስታ ነው፣ ይቅርታ ጠይቃኝ ወደምትፈልገው ቤት ትሄዳለች። እንደዚያ እንድትሆኚልኝ እየለመንኩሽ ነበር። ገብቶሻል?

ስመኝ፦ ገብቶኛል።

አስካለ፦ ሂጂ ብዬሽ ብትሄጂልኝ ምን ነበረበት?

ስመኝ፦ እማዬዋ...

አስካለ፦ እንዳትነግሪኝ። ያንን ቃል በዚህ በር እንዳታስገቢው። የወለድኩት ሁለት ነው። አንዷ ደጄ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነው። ታዲያ ስለ ማን ልትነግሪኝ ትችያለሽ?

ስመኝ፦ አልነግርሽም። ምንም አልልም። ክፈቺልኝና ዝም ብዬ ልቀፍሽ።

አስካለ፦ ከከፈትኩማ አለቀ። አሁን እኮ አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነን፣ ምንም የሆነ ነገር የለም።

ስመኝ፦ ብቻሽን ልተውሽ አልችልም። ብቻ መሆን ምን እንደሚያደርግ ትናንት አይቻለሁ።

አስካለ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ስመኝ፦ አንድ ሊሆን ነው።

አስካለ፦ እንግዲያው እንጠብቅ። ከደወለ ልጄ ደህና ነው። ተሳስተሽ ነው፣ የሌላ ሰው በር ነው ያስከፈትሽው። ትሄጂና ከሰዓት እንደ እንግዳ ትመጫለሽ፣ ሁለታችንም በራሳችን እንስቃለን። ካልደወለ ግን እከፍትልሻለሁ። ተስማማን?

ስመኝ፦ መደወሉማ ይደውላል።

አስካለ፦ ምን አልሽ?

ስመኝ፦ ይደውላል እማዬ። ነገም ይደውላል፣ ከነገ ወዲያም ይደውላል። አቁም ያለው ሰው የለም። እኔ ትናንት ከዚያ ስመለስ፣ ልብሴን ሳላወልቅ ደወለልኝ። ‹‹ቧንቧው ተሠራልሽ ወይ?›› ብሎ ጠየቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሮጥኩት ለዚህ ነው፣ እሱ ሳይቀድመኝ እንድደርስልሽ። እሱ እያሳቀሽ ቁርስሽን ስትበዪ፣ ነገም ስትበዪ፣ ዓመቱን ሙሉ ስትበዪ ታየኝ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

አስካለ፦ ደወለ።

ስመኝ፦ ሰማሁት።

አስካለ፦ ስልኩ ስሙን ጻፈ። ፎቶው በራ። ያ አረንጓዴ ሸሚዙን ለብሶ የተነሳው።

ስመኝ፦ አታንሺው እማዬ።

አስካለ፦ ድምፁን ልስማው።

ስመኝ፦ ድምፁ ነው፣ እሱ ግን አይደለም። በጌታ፣ አታንሺው!

አስካለ፦ ልጄ ደውሎ ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም ስመኝ። ዛሬ እጄን ምን ልበለው?

ስመኝ፦ እሺ። አንሺው። ጥበቃው ጎትቶ እስኪያወርደኝ ድረስ እኔ እዚሁ ነኝ።

አስካለ፦ ሃሎ... ይትባረኬ... ደህና አደርክ የኔ ጌታ... ደህና ነኝ... አዎ፣ አሁን ልቀምስ ስል ነው... ይትባረክ፣ እህትህ መጥታለች። ደጅ ላይ ናት።

ስመኝ፦ እማዬ...

አስካለ፦ እያለቀሰች ነው ልጄ። እየሰማኸኝ ነው? ስመኝ እያለቀሰች ነው። ስቅስቅ ብላ።

ስመኝ፦ መብራቱ ቀይ ሆነ። እየመጡ ነው።

አስካለ፦ አዎ... እነግራታለሁ... እሺ።

ስመኝ፦ ምን አለሽ?

አስካለ፦ ‹‹በመገናኘታችሁ ደስ ብሎኛል፣ ሰላም በይልኝ›› አለኝ።

ስመኝ፦ ወይኔ ወንድሜ!

አስካለ፦ የኔ ይትባረክ አንቺ ስታለቅሺ ከሰማ ባንድ እግሩ ጫማ ነበር የሚሮጠው። ማነው የነካት ሳይል ደህና ዋይልኝ ብሎ አያውቅም።

ስመኝ፦ እማዬ፣ የታለሽ? ድምፅሽ ራቀኝ።

አስካለ፦ እዚሁ ነኝ፣ ስልኩን ዘግቼ መጣሁ። መቀርቀሪያውን አንስቼዋለሁ፣ ግፊው። መርዶውን ግን አንቺ አትንገሪኝ ልጄ፣ እሱ ራሱ ነግሮኛል።